ከአበባዬ የተቆረጡት ሦስት መፋቂያዎች

ሰው በልጁ ይኮራል፣ በከብቱ ይኮራል፣ በባሏ የምትኮራም አትጠፋም። እኔ በስልሳዎቹ መጀመሪያ አሰላ ላይ የምኮራው በአንድ ቁጥቋጦ ነበር። ባሌ የጭነት መኪና ረዳት ነው፤ ከዲክሲስና ከአቦምሳ እህል ሲያመላልስ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ልጅ ገና አልወለድኩም። የምንኖረው ወደ ጭላሎ በሚያወጣው አቀበት ላይ፣ አንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ ባለች አንድ ክፍል ቤት ነው። አከራያችንን እትዬ እላቸዋለሁ። እትዬ አንዲት ላምና ማለቂያ የሌለው ቁጣ ነበራቸው።

እኔ ደግሞ ለገበሬው ስለ ስንዴ ሊያስተምሩ የመጡ ፈረንጆች ቤት ልብስ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ። የፈረንጂቱ ግቢ አበባ በአበባ ነው። የእኔ ደጃፍ ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ። ጽጌረዳ ሁለት ጊዜ ተክዬ ሁለት ጊዜ ደረቀብኝ። ከወንዝ በጀርባዬ ተሸክሜ ያመጣሁትን ውሃ ለአበባ ሳፈስ እትዬ ካዩኝ፣ "ውሃው ተርፎሽ ነው አይደል?" ይሉኛል። ፈረንጂቱ ግን ግድግዳዋ ሥር ውሃ የማይለምን ተክል ነበራት። ቅጠሉ የወይራ ቅጠል ይመስላል፣ ጠባብና ጠንካራ ነው፣ ከወይራው ትንሽ ረዘም ይላል። አበባው ሮዝ ሆኖ በእቅፍ በእቅፍ ይወጣል። ኦሊያንደር ትለዋለች። አገሩ ጣልያንና ግሪክ፣ ባሕር ዳር እንደሆነ፣ ድንጋይ ላይ እንደሚበቅል፣ ፀሐይ እንደማይበግረው በሰባራ አማርኛዋ ነገረችኝ። እሷም ቅርንጫፉን ያመጣችው ከአስመራ ነው።

አፍጥጬ ሳየው አንድ ቀን አዘነችልኝ መሰለኝ ጓንት አጥልቃ አንድ ስንዝር ያህል ቆረጠችልኝ። ጓንቱን የፈረንጅ ቅንጦት ነው ብዬ በሆዴ ሳቅኩ። ከመስጠቷ በፊት ግን ቅርንጫፉን ወደ ኋላ ያዝ አደረገችና፣ "ላም፣ ፍየል፣ ሰው፣ አይበላም" አለችኝ። ጣቷን ወደ አፏ አመለከተች። ከዚያ እጇን ጨብጣ ደረቷ ላይ አድርጋ ከፈት ጨበጥ፣ ከፈት ጨበጥ አደረገች፤ በመጨረሻ ጨበጠችውና ሳትከፍተው ቀረች። ገባኝ። ለዚህ አስተርጓሚ አያስፈልግም። ልብ የሚያቆም ነው ማለቷ ነው። ገባኝ፣ ተቀበልኩ፣ ወደ ቤቴ ይዤው ሄድኩ።

ጠርሙስ ውሃ ውስጥ ከትቼ አልጋ ሥር ደበቅኩት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ክር ክር የሚል ነጭ ሥር አወጣ። ጉድጓድ ቆፈርኩ። ፈረንጂቱ አሸዋ አድርጊበት ስላለችኝ ባሌን ጨቅጭቄ ከዴራ ግማሽ ጆንያ አሸዋ በመኪናቸው አስመጣሁ። "ሰው ከቆላ ማር ያስመጣል፣ አንቺ አሸዋ" እያለ ሲስቅብኝ ከረመ። የመጀመሪያው ክረምት ሊገድለው ነበር። የእኛ አገር ዝናብ እንኳን ለባሕር ዳር ተክል ለስንዴውም ይበዛል። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ሥሩ ውሃ ላይ ተኛ። ዙሪያውን ቦይ ቀድጄ ውሃውን አወረድኩለት። ፍግ ጨምሪበት ብለው እትዬ ከላማቸው ሥር አንድ ቅርጫት ሰጡኝ፤ ጨመርኩ፤ ቅጠል ብቻ እየሰጠ አበባ ከለከለኝ። ሲርበው ነው የሚያብበው፣ ሲጠግብ ይሰንፋል። ኅዳር ላይ ውርጭ ሲመጣ ማታ ማታ ጆንያ አለብሰዋለሁ፣ ጠዋት እገልጥለታለሁ። ለባሌ እንኳ እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

በሦስተኛው ዓመት አበበ። ያውም በጋ ላይ፣ ሣሩ ሁሉ ገለባ ሆኖ፣ አቧራው ዓይን ሲያጠፋ። ከመንገድ የሚያልፍ ሰው በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ያያል። እትዬ እንኳ እንግዳ ሲመጣባቸው "አበባችን" ማለት ጀመሩ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረኝም። የላሚቱ ገመድ ምን ያህል እንደሚረዝም በእርምጃ ለክቼ አውቃለሁ። ቁጥቋጦውን ስከረክም የወደቀውን ቅጠል አንድ በአንድ ለቅሜ፣ እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ሽንት ቤቱ ጀርባ ጥልቅ አድርጌ እቀብራለሁ። ዙሪያውን እሾህ አጠርኩለት።

ታዲያ ለምን አትናገሪም? እኔም ራሴን እንዲህ ብዬ ጠይቄዋለሁ። ብናገር እትዬ አበባውን ከነሥሩ፣ እኔን ከነፍራሼ ነቅለው ነው የሚጥሉን። ስለዚህ ዋሸሁ። "ቡዳ ይፈራል" አልኩ። "ፈረንጂቱ ነግራኛለች፣ ሰው ከነካው በዓይን ተበልቶ ይደርቃል።" ሰው ከመርዝ ይልቅ ቡዳ መባልን ስለሚፈራ ማንም አልተጠጋውም። በብልጠቴ ተደሰትኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ።

ሰፈራችን ውስጥ ሁላችንም ሼኹ የምንላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ከመንገዱ ዳር ጨውና ሳሙና የሚሸጡባት ሱቅ አለቻቸው። ከንጋት ሶላት በኋላ ቢላዋቸውን ይዘው ወደ ወንዙ ይወርዱና ወይራ ይቆርጣሉ። በስንዝር በስንዝር ይጎምዱታል፣ ጫፉን ይልጡታል፣ ከዚያ ወደ ሱቃቸው እስኪደርሱ ላገኙት ሁሉ መፋቂያ ያድላሉ። እስላም ክርስቲያን የለም፣ ፖሊስ የለም፣ ሰካራም የለም። "ጥርስ ሃይማኖት የለውም" ይላሉ። እሳቸው ራሳቸው መፋቂያ ከአፋቸው ጠፍቶ አያውቅም፤ ሲያወሩም ሲመዝኑም ከከንፈራቸው ጥግ አለች። እኔን ኢንተላ ኮ ይሉኛል፣ በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው። ያገሬ ሰው ልጄ ሲለኝ እንደዚያ አይጥመኝም።

ያን በጋ በወንዙ ዳር የነበረው ወይራ ለማገዶ አለቀ። ሼኹ ሩቅ መሄድ ግድ ሆነባቸው፤ ዓይናቸውንም ሞራ ጀምሮት ነበር። አንድ ጠዋት እኔ ልብስ ሳሰጣ፣ እትዬም በራቸው ላይ ምስር ሲለቅሙ፣ ሼኹ ገቡና ከእሾሁ በላይ እጃቸውን ሰደድ አድርገው ቅጠሉን ዳሰሱት።

"ይህ የወይራ ዘመድ ነው፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ።

ያኔ ነበር መናገር። ሦስት ቃል ነው፦ አባባ፣ መርዝ ነው። እትዬ ግን አጠገቤ ናቸው፣ ጆሯቸው ደግሞ የጥንቸል ነው። ሳቅኩ። "ዘመዱስ ይሆናል አባባ፣ ብቻ ቡዳ ይፈራል፣ አይንኩብኝ" አልኳቸው። እሳቸውም ሳቁ። "አላህ ካላዘዘ ቡዳ ምን ያመጣል?" ብለው እንደመጡ ወጡ። እትዬ ምስራቸውን ለቀሙ። እኔም ልብሴን አሰጣሁ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ከዚያ አሥር ቀን ቢሆን ነው። ከፈረንጆቹ ቤት ስድስት ሰዓት ላይ ስመለስ የእሾሁ አጥር በአንድ በኩል ተገፍቷል። ጠጋ ብዬ አየሁ። ሦስት ቅርንጫፍ ተቆርጧል። ላም የበላው አይደለም፤ በቢላዋ ሰያፍ ተደርጎ፣ ንጹሕ ሆኖ ነው የተቆረጠው። ከጉቶዎቹ ላይ ፈሳሹ ገና አልደረቀም። በአሰላ እንዲህ አድርጎ የሚቆርጥ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጉቶዎቹን ደግሜ ቆጠርኩ።

ሦስት ጉቶ፣ ሦስት መፋቂያ። ዞር ስል እትዬ በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ምሳ በልተዋል። በእጃቸው አንድ መፋቂያ ይዘው ልጡን በጥፍራቸው እየላጡ ነው። ወደ አፋቸው አነሱት። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፣ ከእጃቸው መነተፍኩት።

"ምን ነካሽ አንቺ! አበድሽ?" አሉኝ ብድግ ብለው።

እንግዲህ የእኔን ነገር ተመልከቱ። አሁንም መናገር እችል ነበር። አፌ የለመደውን አለ። "እትዬ፣ ከአበባው ነው የተቆረጠው፣ ቡዳው ያርፍብዎታል" አልኩ። ፊታቸው ተለዋወጠ፣ እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። "ሼኹ ናቸው የሰጡኝ፣ ጠዋት ሲወጡ" አሉ። ገና አፋቸው አልገባም ነበር። ተመስገን ብዬ ወደ ሼኹ ቤት ሮጥኩ።

ባለቤታቸው ደጅ ላይ ስንዴ ሲያነፍሱ አገኘኋቸው። መፋቂያ ሰጥተዎታል ወይ ስላቸው በሳቅ ፍርስ አሉ። "ሰጡኝ እንጂ። በየትኛው ጥርሴ እንደምፍቅበት ግን አልነገሩኝም" አሉና ከግድግዳው ስንጥቅ መዘው አሳዩኝ። ተቀበልኳቸው። ሳቁ፣ እኔም ለማስመሰል ሳቅኩ። ሁለቱን በቀሚሴ ጫፍ ጠቅልዬ ያዝኩ። ሦስተኛው የት እንዳለ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ቁልቁል ወደ ሱቁ ስሮጥ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጥለዋት ይቆዩኝ፣ መራራ ሆናባቸው ጥለዋት ይቆዩኝ። ሼኹ ሱቃቸው በር ላይ፣ የጨው ጆንያቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። መፋቂያዋ ከንፈራቸው ጥግ አለች። ጫፏ ተፈትሎ ተፈትሎ እንደ ብሩሽ ሆኗል። ጠዋት ሙሉ አኝከዋታል።

"አባባ፣ ይትፉት" አልኩ።

"መራራ ናት" አሉኝ ፈገግ ብለው። "መራራ ደግሞ መድኃኒት ነው።" ፊታቸው ግን አመድ መስሏል፣ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ከአፋቸው ላይ ነጠቅኳት። ምን ሆነሻል ሊሉኝ ሲነሱ ግድግዳውን ያዙ፣ አጎንብሰውም አስመለሱ። ደግመው አስመለሱ። ከጎረቤት ሱቅ ሰዎች ወጡ፣ አንዱ ጋሪ ጠራ። ባለቤታቸውም ሰምተው ደረሱ። ጋሪው ላይ ጭንቅላታቸውን በጉልበቴ ደግፌ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ፈረሱ ዳገቱ ላይ ባዘገመ ቁጥር ወርጄ ልግፋው እያልኩ እነሳ ነበር።

ድሬሰሩ፣ የጤና ጣቢያው ባለሙያ፣ ወጣት ሰው ነው። እኔን ብቻ አስገብቶ ሌላውን ውጭ አስቀረ፣ ሲይዛቸው ያገኘኋቸው እኔ ስለሆንኩ። ሼኹ አልጋው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ተኝተዋል። ድሬሰሩ የእጃቸውን ትርታ ይዞ ሰዓቱን አየ፣ ግንባሩን ቋጠረ፣ እንደገና ያዘ።

"ምን በሉ?" አለኝ። "ትርታቸው እየዘገየ፣ እየተቆራረጠ ነው። ምን እንደነካቸው ካላወቅሁ ምን ብዬ ልርዳቸው?"

ዝም አልኩ። እውነቴን ነው የምነግራችሁ፣ ዝም አልኩ። ከመስኮቱ ውጭ የሰው ድምፅ ይሰማኛል፤ ግማሹ ሱቅ ዘግቶ መጥቷል። ክርስቲያኗ ሼኹን መረዘች ይሉኛል ብዬ አሰብኩ። ፖሊስ አሰብኩ፣ እስር ቤት አሰብኩ፣ ባሌ ከአቦምሳ ሲመለስ ባዶ ቤት ሲያገኝ አሰብኩ። ይህን ሁሉ ሳስብ የሰውየው ልብ እየቆመ ነበር። አሁን ሳስታውሰው ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። መርዙን የሰጠኋቸው እኔ አይደለሁም፤ ያን ዝምታ ግን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

በመጨረሻ ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ ነገርኩት። "የፋቁበት እንጨት መርዝ ነው። አውቅ ነበር። የተሰጠኝ ጊዜ ልብ ያቆማል ተብሎ ተነግሮኛል።" መፋቂያዎቹን ከቀሚሴ ጫፍ ፈትቼ አሳየሁት። አንድ ጊዜ ትክ ብሎ አየኝና ወደ ሥራው ሄደ። ቱቦ አምጥቶ ሆዳቸውን አጠበ፣ መርፌ ወጋቸው፣ ከአጠገባቸው አልተነሳም። ሁለት ቀን አስተኛቸው። በሦስተኛው ቀን ገንፎ ቀመሱ፣ ዳኑ።

ውስጥ የተናገርኩትን ውጭ አልደገምኩትም። ከክፍሉ ስወጣ ባለቤታቸው እጄን ይዘው "ምንድን ነው ልጄ?" ሲሉኝ፣ ሰዉ ሁሉ እየሰማ "አባባ ሳያዩት የማይሆን እንጨት ቆርጠው ኖሯል፣ እኔስ በምን አውቄ" አልኩ። ከአፌ የወጣው ይኸው ነው፤ እኔስ በምን አውቄ። ድሬሰሩም የሌላ አገር ሰው ነው፣ ከማንም ጋር አያወራም።

በማግስቱ ቁጥቋጦውን ነቀልኩት። ሥሩ ከጠበቅሁት በላይ ዘልቆ ነበር፤ ከጠዋት እስከ ቀትር ቆፈርኩ። አሸዋውን እንኳ ዝቄ ቀበርኩት። እትዬ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ "እኔ መች አጣሁት፣ አበባሽን በዓይናቸው በሏት፤ ለካ ቡዳው እሳቸው ኖረዋል" አሉ። እኔ የፈጠርኩት ውሸት ዞሮ ሼኹ ላይ ተቀመጠ። አይደለም እትዬ ማለት ነበረብኝ። አካፋዬን ጠርጌ ገባሁ።

ሼኹ ሲያገግሙ ወይራ ፍለጋ እንደገና መሄድ ጀመሩ፤ አሁን የልጅ ልጃቸው እየመራቻቸው። እውነተኛ ወይራ ነው፣ ሽታው ከሩቅ ይታወቃል። ሰዉም እንደ ድሮው በሁለት እጁ ይቀበላቸዋል፣ አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ ይላቸዋል። ማዕዘኑን ሲታጠፍ ግን መፋቂያዋን ቦይ ውስጥ ይጥላታል። እኔ አይቻለሁ። አንድ ጠዋት ዞር ስል ሼኹም ቆመው ያያሉ፤ ዓይናቸው ቢደክምም ያን ያህል አልደከመም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቢላዋቸውን ይዘው አልወጡም። ያን ያህል ዘመን የኖረ ልማድ በዚያው ቀረ።

እኔ ግን ፍርሃቴ አልቀረልኝም። ፖሊስ በሰፈሩ ባለፈ ቁጥር በሬን ዘግቼ እገባለሁ። ሼኹ ሰላም ባሉኝ ቁጥር ምን ሊሉኝ ነው እላለሁ። እንደ ድሮው ኢንተላ ኮ ይሉኛል፣ ያ ደግሞ ይብስብኛል። በመጨረሻ አልቻልኩም። አንድ ጠዋት ሱቁ ውስጥ ሰው አለመኖሩን አይቼ ገባሁ። ሰው ሁሉ ቢጥለው እኔ በአደባባይ እፍቅበታለሁ፣ ቢያንስ ይህን አደርጋለሁ ብዬ አስቤ ነው።

"አባባ፣ መፋቂያ አለዎት?" አልኳቸው።

ጨው የሚሰፍሩበትን ጣሳ አስቀመጡ። "ቡርሽ ይሻልሻል" አሉና ከመደርደሪያው አንድ የጥርስ ብሩሽ አወረዱ። በቁራጭ ጋዜጣ ይጠቀልሉት ጀመር።

"እኔ ከእርስዎ እጅ ነው የምፈልገው" አልኩ። "ሰዉ የሚያወራው ልክ አይደለም። እኔ እኮ ያን ቀን…"

እጃቸውን አነሱብኝ። "ያን ቀን ጤና ጣቢያ የተከደነው ዓይኔ ነው፣ ኢንተላ ኮ። ጆሮዬ አልተከደነም።"

ሰምተዋል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃሉ ማለት ነው። ቡዳ ተብለው፣ ዕውር ተብለው፣ መፋቂያቸው በየቦዩ ሲጣል እያዩ፣ ለሚስታቸው እንኳ አልተናገሩም።

"ታዲያ አባባ፣ ለምን ዝም አሉ?" አልኳቸው።

ጥቅሉን ወደ እኔ ገፉት። ቁጣ የለበትም ፊታቸው፤ የእውነት ማወቅ የፈለጉ ይመስላሉ።

"አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?" አሉኝ።

ፈርቼ ነው ማለት ነበረብኝ። እሱንም ለማለት ፈራሁ፣ ብሩሹን ይዤ ወጣሁ።